ማስተካከያ፦ ስለ ሰጎን የዓይን ቀዶ ሕክምና

ስለ ሰጎን የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ቀደም ሲል በጻፍኩት ላይ «ብሌኑ እንዲሰፋ አስቀድሞ አትሮፒን ይንጠብበት» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አትሮፒን የውሻንና የፈረስን ብሌን ያሰፋል። በአዕዋፍ ግን ብሌኑን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ በአብዛኛው እንደ እግርና እንደ ክንፍ ጡንቻ ያለ ስለሆነ ጠብታው አይሠራበትም። የሚያስፈልገው እንደ ሮኩሮኒየም ያለ ጡንቻ አላሊ መድኃኒት ነው፤ እሱም ወደ ደም ከገባ ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል ከእንስሳት ሐኪም በቀር ማንም አይንካው።

«ማደንዘዣ ባይሰጠውም ጭንቅላቱን መሸፈን ይበቃል» የሚል ትርጉም የሚሰጥ ዐረፍተ ነገርም ነበረበት። በደቡብ አፍሪካ፣ በኦውትስሆርን፣ አርቢዎች ሰጎን ሲይዙ ጭንቅላቱ ላይ ከረጢት ያጠልቃሉ፤ ወፉም ጸጥ ይላል። ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ ብቻውን ቢሰጠውም ይንፈራገጣል፤ ከማረጋጊያ ጋር መሰጠት አለበት። ከሁሉ የሚያስፈራኝ የመንቂያው ሰዓት ነው፦ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ወፍ ገና በደንብ ሳይነቃ ለመቆም ሲታገል እግሩን ሊሰብር ይችላል። ጨለም ያለ፣ ግድግዳው በፍራሽ የተለበጠ ክፍል ያስፈልገዋል፤ አንድ ሰውም አንገቱን ቀና አድርጎ ይያዝለት።

ከዓይኑ ጥግ እየወጣ የሚመለሰው ስስ ሽፋን ደግሞ ሦስተኛው የዓይን ቆብ ነው፤ ሞራ መስሏችሁ እንዳታስቆርጡት።