«ባለትዳርና የ5 ልጆች አባት ነበሩ»

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ቅርጹን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ፍትሐቱ ያበቃል፣ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይይዛል፣ የታጠፈ ወረቀት ይዘረጋል፦ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞ አጠራር በሸዋ ክፍለ ሀገር…»። ዕድሜያቸው ለትምህርት ይደርሳል፣ ይማራሉ፣ ይቀጠራሉ፣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይዛወራሉ፣ በጡረታ ይገለላሉ፣ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ያርፋሉ። አንባቢው ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ያቺ መስመር ትመጣለች፦ «ባለትዳርና የ5 ልጆች አባት ነበሩ»።

ሰውየው ምክትል የክፍል ኃላፊ የነበሩት 4 ዓመት ይሆናል፤ አባት የነበሩት 50። ለ4ቱ ዓመት አንድ አንቀጽ፣ ለ50ው ግማሽ መስመር። ድንኳኑን የሞላው ለቅሶ ደራሽ ለምክትል የክፍል ኃላፊው ብሎ የመጣ ይመስል።

ይህ የሚሆነው ቤተሰቡ ስለማይወድ አይደለም። ቀብሩ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ነው፤ ጽሑፉ የሚሠራው ሌሊት፣ በለቅሶ መሃል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው። ጽሑፉን አዘጋጅ የተባለው ልጅ ቁም ሣጥኑን ሲከፍት የሚያገኘው ዲፕሎማ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃና የጡረታ ደብተር ነው። አባትነት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የለውም። ስለዚህ የሚወጣው ጽሑፍ የሥራ ማመልከቻ ይመስላል፤ ልዩነቱ አመልካቹ ሞተው መቅረባቸው ብቻ ነው።

የድሮዋ አልቃሽ ከዚህ የተሻለ ታውቅ ነበር። ሙሾ ከማውረዷ በፊት የማን ዘር እንደሆነ፣ ምን እንደሠራ፣ እነማንን ትቶ እንደሄደ ቤተሰቡን ጠይቃ ትገባለች። ከዚያ ደጁን፣ በሬውን፣ ወንበሩን እየጠራች ታስለቅሳለች። ወረቀቱ ሲመጣ ሙሾው ቀረ፤ የሚያሳዝነው ከሙሾው ጋር ጥያቄውም መቅረቱ ነው።

ጥያቄው ላይ እንቆይ፣ ምክንያቱም ሥራው ሁሉ እዚያ ነው። «አባባ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ደግ ነበር» የሚል መልስ ያገኛል፤ አሥር ሰው ቢጠይቅ አሥር ደግ። «ቅዳሜ ጠዋት የት ነበር የሚውለው? ደመወዝ ሲቀበል ምን ይዞ ይገባ ነበር? እያንዳንዳችሁን ማን ብሎ ይጠራ ነበር? ሲናደድ ምን ያደርግ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ግን ሰውየውን ያገኛቸዋል። ልጆቹን ብቻ መጠየቅም አይበቃም፤ ልጆች አባታቸውን የሚያውቁት ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነውና። ለልጅነቱ እህት ወይም ወንድም፣ ለወጣትነቱ አንድ የቀድሞ ባልደረባ፣ ለሰፈሩ የእድሩ ሰው፣ ለቤቱ ውስጥ ደግሞ ዓመታት አብራ የኖረች የቤት ሠራተኛ ካለች እሷ። አራት ሰው፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ፣ በስልክም ይሆናል።

ለማሳያ ያህል ሁለት የተለመዱ ዓረፍተ ነገሮችን እንመልከት። «ለልጆቻቸው ትምህርት ከፍተኛ ትኩረት ይሰጡ ነበር።» ይህ የማንም አባት ነው። በምትኩ፦ «ሰኔ 30 ፈቃድ ወስደው የ5ቱንም ካርድ ራሳቸው ይቀበሉ ነበር፤ ደረጃ የወጣውንም የወደቀውንም በዚያው ቀን ኬክ ቤት ይወስዱ ነበር።» ደግሞ «እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» ከማለት፦ «ምሳ ሰዓት ላይ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ እንኳ ሳይቀምስ ከቤታቸው አይወጣም ነበር።» ጎረቤቱ ይህን ሲሰማ በዕንባው መሃል ፈገግ ይላል፤ ጽሑፉ መሥራቱ በዚያ ይታወቃል። አንዲት ትንሽ ጉድለትም አትጎዳም። «ተቆጥተው አያውቁም» ሲባል ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ። «ዜና ሰዓት ላይ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነበር» ሲባል ግን አባታቸው ናቸው።

«ባለትዳር» የሚለው ቃል ደግሞ ሚስትን ውጦ ያስቀራል። ስሟን ጥሩ፣ የተጋቡበትን ዓመት ጻፉ፤ በሕይወት ካለች ስለ እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ራሷ ትምረጥ። ታሪኩ ላይ ከ1969 እስከ 1974 ያለው ባዶ ከሆነ ሕዝቡ ይቆጥራል። ታስረው ከነበረ፣ ቤተሰቡ እስከተስማማ ድረስ፣ በአንድ መስመር ይባል፤ በእነዚያ ዓመታት ልጆቹን ማን እንዳበላም አብሮ ይነገር።

ጠብ የሚነሣው ግን «5» ከሚለው ቁጥር ነው። ከትዳር በፊት የተወለደ አለ፣ ከትዳር ውጭ የተወለደ አለ፣ በሕፃንነቱ ያረፈ አለ፣ ከገጠር መጥቶ እንደ ልጅ ያደገ የእህት ልጅ አለ። ስሙ ያልተጠራው ልጅ እዚያው መቃብሩ ዳር ቆሞ ይሰማል፤ ቂሙም የወራሽነት ጉዳይ ሲነሣ ይወጣል። ስለዚህ አንዲት ቃል ከመጻፏ በፊት ሚስት፣ የበኩር ልጅና የሟች ወንድም ወይም እህት በቁጥሩና በስሞቹ ቅደም ተከተል ይስማሙ። መስማማት ካልተቻለ ቁጥሩ ይቅርና «ልጆቻቸውና ያሳደጓቸው» ይባል።

ዘመን አቆጣጠር ላይ የሚሠራው ስህተት ቀላል ቢሆንም ተደጋጋሚ ነው። ልደቱ በእኛ፣ ዕረፍቱ በፈረንጅ ይጻፍና በ1940 ተወልደው በ2025 ያረፉ ሰው 85 ዓመት ይሆናቸዋል፤ እውነቱ ከ76 እስከ 78 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል፦ ጥቅምት 1940 ማለት ኦክቶበር 1947 ነው፣ ጥር 1940 ግን ጃንዋሪ 1948። በስደት የወጡ ሰዎች ፓስፖርት ላይ ጃንዋሪ 1 የሚል የልደት ቀን ካለ አትመኑት፤ ቀኑን ለማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጥ ቀን ነው። ይልቅ ታላቅ እህትን ጠይቁ። «ጣሊያን የወጣ ዓመት» ካሉ 1933 ነው፣ «የታኅሣሥ ግርግር» ካሉ 1953።

የክርስትና ስሙንም ሌሊቱን ጠይቁ። ካህኑ ለፍትሐት የሚፈልገው እሱን ነው፤ ብዙ ልጆች የአባታቸውን የክርስትና ስም የሚሰሙት ያን ቀን ነው።

ርዝመቱ አንድ ገጽ፣ ሲነበብ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይሁን። ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ በሁለት ቅጂ ይታተም፣ አንደኛው በሌላ ሰው ኪስ ይቀመጥ። የበኩር ልጅ ያንብብ ማለት ግን ጭካኔ ነው፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፁ ይቆረጣል። የወንድም ልጅ ወይም የረጅም ዘመን ጓደኛ ያንብብ። ጽሑፉ ፌስቡክ ላይ የሚወጣውም መርዶ ላልተነገራቸው ሁሉ ከተነገረ በኋላ ነው። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የአባቷን መርዶ በስልኳ ስክሪን ላይ ማየት የለባትም፤ አጠገቧ የሚሆን ሰው ይፈለግ።

በአንድ ገጽ ያልገባው ብዙ ነው፣ ጊዜው ግን አለ። በሠልስቱ ለቅሶ ቤት ሰው የሚያወራው ሌላ ስለ ማን ነው? አንድ የቤተሰብ ልጅ ደብተር ይዞ ይቀመጥ፣ ተናጋሪው ከፈቀደም በስልክ ይቅዳ። ያ ሁሉ ለ40ው ወይም ለሙት ዓመቱ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይሆናል። በዋሽንግተን አካባቢ እንደሚደረገው ቀብሩ ቀናት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ፎቶ ያለበት ትንሽ መጽሔት ማዘጋጀት ይቻላል። ፎቶው ጉርድ ፎቶ ከሚሆን ሳቁ ያለበት ይመረጥ። የአልበም ፎቶ በስልክ ሲገለበጥ ጥላ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ይነሣ፤ በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፋይል እንጂ እንደ ፎቶ አይላክ፣ ጥራቱን ይቀንሰዋልና።

የሟቹን ስልክ ለታናሹ ልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ክፈቱት። ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ካልተከፈተ አካውንቱ ከነመልእክቱ ራሱን ያጠፋል። እዚያ ውስጥ «ደርሰሃል ወይ? ደውልልኝ እንጂ» የሚል የ6 ሰከንድ የድምፅ መልእክት ይኖራል፤ አውጥታችሁ በሦስት ቦታ አስቀምጡት።