ተሰጥኦ በሰባተኛ ክፍል ይለያል? ክርክር

የክርክሩ ርዕስ «ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በተሰጥኦና በዝንባሌያቸው ለይተው ሊያስተምሩ ይገባል» የሚል ነው። የሚደግፉት በኮምቦልቻ የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኝ፣ የሚቃወሙት በደሴ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናቸው።

ደጋፊ፦
አንለይ ብንልም ልጆችን መለየታችን አልቀረም፤ የምንለያቸው ግን ዘግይተን፣ ያውም በፈተና ከወደቁ በኋላ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ብዙዎቹ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ብቻ የተሰናዳ ትምህርት ሲከታተሉ ኖረው አንድም ሙያ ሳይጨብጡ ቀርተዋል። ወደ እኛ ማሠልጠኛ ሲመጡም ሙያን የሚያዩት ፈልገው እንደ ገቡበት ቤት ሳይሆን እንደ ቅጣት ነው። ከተማችን የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች አሏት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። በ13 ዓመቱ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም ልጅ እስከ 18 ዓመቱ መፍቻ ሳይነካ የሚቆይበት ምክንያት አይታየኝም።

ተቃዋሚ፦
ስለ ፈተናው ያሉትን አልክድም፤ ነገር ግን ያ ውጤት ልጆቹ ሌላ ዝንባሌ እንዳላቸው አያስረዳም። እኔ ክፍል ውስጥ የማየው ክፍልፋይ ሳይገባቸው ዘጠነኛ ክፍል የደረሱ ተማሪዎችን ነው።

ደግሞስ በሰባተኛ ክፍል የምንለካው ምኑን ነው? በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ የደሴ ልጅ፣ ክፍል ሳይደግም ከዘለቀ፣ ዘንድሮ በ2018 ሰባተኛ ክፍል ነው። ፊደል በሚቆጥርበት ዓመት መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ በጦርነት ውስጥ ነበረች፣ ብዙ ቤተሰብም ተሰድዶ ነበር። በእነዚያ ወራት ቤቱ መጽሐፍና የሚያስጠና ሰው የነበረው ልጅ ዛሬ «የቀለም ልጅ» ይባላል፤ ያልነበረው «እጁ ለሥራ የተፈጠረ» ተብሎ ይመደባል። ይህን ተሰጥኦ ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ለእኔ ከባድ በደል ነው። ለመሆኑ የሀብታም ልጅ በዝንባሌው ወደ ብየዳ ሲመደብ አይተው ያውቃሉ?

ደጋፊ፦
አላየሁም፤ ይህ ግን ብየዳን የናቀው ማኅበረሰብ ጥፋት ነው። ጀርመኖች ልጆቻቸውን በአብዛኞቹ ግዛቶች ከአራተኛ ክፍል በኋላ ይለያሉ፤ ከፋብሪካ ጋር የተጣመረው የሙያ ሥልጠናቸውም በዓለም የሚደነቅ ነው።

ተቃዋሚ፦
ያ ሥልጠና የሚጀመረው ወጣቶቹ 16 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆናቸው ነውና በአሥር ዓመታቸው ለመለየታቸው ምስክር ሊሆን አይችልም። የአሥር ዓመቱን መለየት ራሳቸው ጀርመኖች የወላጅን ኑሮ በልጁ ላይ ያትማል እያሉ ዘወትር ይከራከሩበታል። ፖላንድ በ1999 እ.ኤ.አ. ባደረገችው ማሻሻያ መለያውን በአንድ ዓመት ብታዘገየው፣ በቀጣዮቹ ዓለም አቀፍ ምዘናዎች የ15 ዓመት ተማሪዎቿ ውጤት ከፍ አለ፤ ይልቁንም ቀድሞ ወደ ሙያ ይላኩ የነበሩት ልጆች ተሻሻሉ። ፊንላንድም እስከ ዘጠነኛ ክፍል ሁሉንም አንድ ላይ ታስተምራለች።

ሌላም አለ። መንግሥት 70 በመቶውን የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ በመደበበት ዘመን ታሪክ መማር የሚሹ ስንቶቹ ኢንጂነሪንግ ገቡ? መለያ በር አንዴ ከተከፈተ ኮታ ተከትሎ ይገባል።

ደጋፊ፦
እንግዲያው ሐሳቤን ላጥብበው። ሒሳብ፣ ቋንቋና ሳይንስ ለሁሉም አንድ ይሁኑ፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ግን በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ተማሪው የመረጠውን ይማር፣ በየዓመቱም መለወጥ ይፈቀድለት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል የሙያ ትምህርት አስገብቷልና ጅምሩ አለ።

ተቃዋሚ፦
ይህ ከሆነ ከርዕሱ «ለይተው» የሚለው ወድቋል፤ በምርጫው አልቃወምም። የጎደለው ዕቃና የሠለጠነ መምህር ነው። በጦርነቱ የተዘረፈው የከተሞቻችን ወርክሾፕ ሳይሟላ የሙያ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሣል መዶሻ ሆኖ ይቀራል።

ደጋፊ፦
ስለ ዕቃው ተስማምተናል። «ለይተው» የሚለውን ግን አልተውኩም፤ በዘጠነኛ ክፍል እንደገና አነሳዋለሁ።