ለስቶን ታውን ኖራ ማን ይክፈል?

ዛንዚባር ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በውጭ ጎብኚ ላይ በጣለችው የ44 ዶላር የግዴታ ኢንሹራንስ ቅሬታ በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ለሆቴል በመቶዎች የሚከፍል ሰው 44 ዶላር አይከብደውም»። ይሄ መልስ ሆኖ ነው? ስላለው ብቻ ይክፈል ከተባለ 440 ከማለት ምን ያግዳል? ከአገሩ ኢንሹራንስ ገዝቶ የመጣውም የደሴቲቱን መንግሥት ኩባንያ ውል ካልያዘ አይቆጠርለትም። ከአዲስ አበባ ለጫጉላ የሚበሩ ሙሽሮች 88 ዶላር ቆጥረው ይገባሉ ማለት ነው።

የታመመ ጎብኚ መታከሙን አልቃወምም። የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ የማይደርስበት ቦታ ነው። ነጭ አሸዋ ሲሸልስም ሞምባሳም ሞልቷል፤ የዛንዚባር ጥንታዊ የድንጋይ ከተማ ስቶን ታውን ግን አንድ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ይህ ከተማ የቆመው ከባሕር በሚገኝ የኮራል ድንጋይ፣ በኖራና ባሕር ዳር በሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ግንድ ነው። ግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ይወፍራል። ክፍሎቹ የጠበቡት ግንዱ ከሦስት ሜትር ብዙም ስለማያልፍ ነው። ኮራል ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ እርጥበት ይመጥጣል፤ የኖራው ልስን ደግሞ መልሶ ያስወጣዋል።

አሁን «ሲሚንቶ ይጠነክራል» እየተባለ በዚህ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ይለሰናል። ጥፋቱም ያው ጥንካሬው ነው! ውሃው መውጫ ያጣል፤ ጨው ከውስጥ ጋግሮ ኮራሉን ያፈረፍረዋል፤ ግድግዳው ውስጥ የገባው የግንዱ ጫፍ ይበሰብሳል። ከውጭ ሲያዩት ያማረ ቤት ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚወርደው የማሲካ ዝናብ ወለሉ ከነጣሪያው ይከዳዋል። የጎንደር ፋሲል ግቢም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተለጠፈበት ሲሚንቶ በኋላ እየተነሳ በኖራ የተተካው በከንቱ አይደለም። በ1883 እ.ኤ.አ. የተሠራው የስቶን ታውን የሱልጣን ቤተ መንግሥት፣ ቤት አል አጃይብ፣ እድሳት ላይ እያለ በዲሴምበር 2020 በከፊል ተንዶ ሁለት ሠራተኞች ሞተዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስጠንቀቂያ ይጠበቃል?

ኖራ በጥድፊያ አይሆንም። ድንጋዩ ይቃጠላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይብላላል። ሳይበስል ከተለሰነ ግድግዳው ላይ እየፈነዳ ይረግፋል። ዝናብ ሲገባ የሚለመን የእርዳታ ገንዘብ ለዚህ አይደርስም፤ በየዓመቱ ቀድሞ የሚገኝ በጀት ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ 44 ዶላር 10 ዶላር ለኖራ ጉድጓድና ለለሳኞች ደመወዝ ይቆረጥ፤ የት እንደዋለም በየዓመቱ በይፋ ይነገር።