ማስተካከያ፦ የአባ ኮዳ ከረጢት ስንቅ አይቋጠርበትም
በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሚገኘው አሞራ ገደል ስለሚታዩት አባ ኮዳ የተባሉ ትልልቅ ወፎች ባለፈው ባወጣነው ጽሑፍ፣ ወንዱ በመራቢያ ወቅት አንገቱ ላይ በተንጠለጠለው ከረጢት ዓሣ አጭቆ ለሴቷ እንደሚያመጣና በዘፈን እንደሚያባብላት ገልጸን ነበር። ስሕተት ነው። በመድረክ ቀልድ ላይ ያየነውን እውነት መስሎን ጻፍነው። ከረጢቱ ከምግብ ቧንቧው ጋር አይገናኝም፤ የሚይዘው አየር ብቻ ነው። ወንዱ ዛፍ ላይ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል፤ ሴቷ ስትቀርብ ከረጢቱን ይነፋዋል፤ ላባ የሌለው ሮዝማ ቆዳ እንደ ፊኛ ይወጠራል። ዘፈንም የለም፤ ምንቃሩን ያንቋቋል እንጂ። ወቅቱ በአብዛኛው በጋ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ዓሣና እንቁራሪት በቀላሉ ይገኛልና። እንቁላሎቹን፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት፣ ወንዱም ሴቷም እየተፈራረቁ ለ30 ቀናት ያህል ይታቀፋሉ። እንዲህ የሚለፋውን አባት በዚያው ጽሑፍ «ሆዳም» ማለታችን በጣም ጸጽቶናል፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።