መለስተኛ ማለት ትንሽ ነው ወይስ መሀል?

ትናንት አራት ኪሎ ጀበና ቡና የምንጠጣበት ቤት ቁጭ ብለን አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የሥራ ማስታወቂያ አሳየን፣ «መለስተኛ አካውንታንት፣ የሥራ ልምድ 2 ዓመት» ይላል። «መለስተኛ ጀማሪ ማለት አይደል እንዴ፣ ጀማሪ ከየት አምጥቶ ነው 2 ዓመት ልምድ ሚኖረው?» ብሎ ሲስቅ አጠገባችን የነበሩ ጡረተኛ መምህር ስኒያቸውን አስቀምጠው ዞሩ።

«ማነው ጀማሪ ነው ያለህ? እኛ 7ኛና 8ኛን የተማርነው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። የ6ኛን ሚኒስትሪ አልፈህ ትገባለህ፣ የ8ኛን ደግሞ ተፈትነህ ትወጣለህ። ከታች አንደኛ ደረጃ፣ ከላይ ከ9 እስከ 12፣ እሱ መሀል!»

የሰው ኃይል ክፍል የምትሠራዋ ጓደኛችን አልተዋጠላትም። «ጋሼ፣ እሱኮ በእንግሊዝኛው ጁኒየር ነው። ደግሞ ሐኪም መለስተኛ ቀዶ ጥገና ነው ካለዎት ቀላል ነው አይዞዎት ማለቱ ነው እንጂ መካከለኛ ነው ማለቱ ነው?»

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «ቁመቱ መለስተኛ ነው ሲባልስ ድንክ ነው?» ሲሉ ቡና የምትቀዳዋ ልጅ ሳትቀር ሳቀች።

ይሄኔ አንድ የላዳ ሹፌር ከጥግ ሆኖ «በደርግ ጊዜ ከፍተኛ ሚባለው ምን ነበር? ከቀበሌ በላይ፣ ከማዕከላዊ በታች። መሀል ላይ ተጎልቶ ስሙ ከፍተኛ!» አለ። እውነቱን ነው፣ በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የመጣው የነዋሪዎች ማኅበር ሦስት እርከን ነበረው፣ ቀበሌ፣ ከፍተኛና ማዕከላዊ። ጦሩም እንደዛው ነው፣ ከሻለቃ እስከ ኮሎኔል ያለው ከፍተኛ መኮንን ይባላል፣ ከላዩ ግን ጄኔራሎቹ አሉ።

እኔ ምፈርደው ለጋሼ ነው። መለስ ያለ ስንል ያልበዛም ያላነሰም ማለታችን ነው፣ መለስተኛም ከዛው ነው። የጓደኛችንም ቢሆን ባዶ ክርክር አይደለም፣ ቀዶ ጥገናው ከባድና መለስተኛ ተብሎ ለሁለት ብቻ ሲከፈል መሀል ሚባል ቦታ ስለሌለ ቃሉ ወደ ታች ይወርዳል። ማስታወቂያውን ግን ስልኩን ተቀብዬ ወደ ታች ሳወርደው «ጀማሪ አካውንታንት፣ 0 ዓመት» የሚል ሌላ ክፍት ቦታ አለ። ልጁ ሳይጨርሰው ነው ለካ ያሳየን፣ የሁላችንንም ቡና እሱ ከፈለ።