እጅህ ይባረክ፣ ሪክሩተር

አሜሪካ ውስጥ ትዕግሥት የሚያስተምር ቤት ጠፋ የምትሉ ተሳስታችኋል። አለ። ልጃችሁ 17 ዓመት ሲሞላው «በአር ኦ ቲ ሲ ስኮላርሺፕ ተምሬ መኮንን መሆን እፈልጋለሁ» ካላችሁ ቀጥታ ወደ ሪክሩተር፣ ለጦሩ ሰው ወደሚመለምለው ወታደር፣ ቢሮ ላኩት። እኛ የእህቴን ልጅ ልከን አይተነዋል። ሲሄድ ፒዛ 20 ደቂቃ ከዘገየ የሚነጫነጭ ልጅ ነበር። ሲመለስ መናኝ ሆኗል።

ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። አር ኦ ቲ ሲ ማለት ዩኒቨርሲቲ እየተማርክ ጎን ለጎን የመኮንንነት ሥልጠና የምትወስድበት መንገድ ነው። ከ1916 ጀምሮ አለ። ስኮላርሺፑን ያገኘ ልጅ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ የመጽሐፍና በየወሩ የኪስ ገንዘብ ያገኛል፣ ሲመረቅ መኮንን ሆኖ ይሾማል፣ ከዚያ የተማረበትን በአገልግሎት ይከፍላል። የጃማይካ ስደተኞች ልጅ ኮሊን ፓወል በ1958 ምክትል መቶ አለቃ የሆነው በዚህ በር ገብቶ ነው። እህቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ልጇን «ጄኔራል» ነው የምትለው። በስሙ የምትጠራው ሳህን እንዲያጥብ ስታዘው ብቻ ነው።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል። እኛ በያዝነው መንገድ ግን የአካል ብቃት ፈተናውም ቃለ መጠይቁም የሚያዘው በሪክሩተሩ ቢሮ በኩል ነው። የየትኛው ጦር ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ የሰው እንጀራ ውስጥ አልገባም። ምስጋናዬን ብቻ ላድርስ።

መጀመሪያ የማደንቅልህ ጆሮህን ነው። ልጁ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን የኤስ ኤ ቲን ውጤት በፕላስቲክ ፋይል ይዞ፣ ሸሚዙን ተኩሶ መጣልህ። «ለመኮንንነት ስኮላርሺፕ ላመልክት ነው» አለህ። አንተ ደግሞ «ጎበዝ! መቼ ነው የምትገባው?» አልከው። «ስኮላርሺፕ» የሚለውን ቃል በአንድ ጆሮ ተቀብሎ በሌላው ማፍሰስ እንዴት ያለ ችሎታ ነው! ሁለተኛ ጊዜ ሲነግርህ ገባህና የልምምድ ፈተና ሰጠኸው። ፈተናው አስቫብ ነበር፤ ተራ ወታደር ሆኖ ለመግባት የሚፈተኑት። ልጁ እንግዳ ነው፣ አፍሮ ተፈተነ። ጥሩ ውጤት አመጣ። ጉዱ ፈላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን የመሰለ ጭንቅላት ኮሌጅ ገብቶ እንዳይባክን ለእኛ አንተ ተጨነቅህልን።

«ኮሌጁ የት ይሄድብሃል? መጀመሪያ እግርህን አስገባ» አልከው። ዛሬ ፈርሞ እስከ 365 ቀን ቆይቶ መግባት እንደሚችልም ነገርከው። ኮንትራቱ ከእነ ተጠባባቂነቱ በጠቅላላው 8 ዓመት መሆኑን ሳትነግረው የቀረኸው መቼም እንዳይደክመው ብለህ ነው። ልጅ እኮ ነው፣ በአንድ ቀን ስንት ቁጥር ይሸከማል?

ስልክ አጠቃቀምህን ደግሞ ለታሪክ መመዝገብ አለብኝ። የአካል ብቃት ፈተናው መቼ እንደሆነ ለመጠየቅ በወሩ 3ኛ ቀን ተደወለ፣ አልተነሳም። በ9 ቴክስት ተላከ፣ ታየ፣ መልስ የለም። በ16 ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ልጁን መኪናዬ ውስጥ ጭኜ ቢሮህ በር ላይ ደረስን፤ በሩ ዝግ ነው፣ መብራቱ በርቷል፣ መስታወቱ ላይ ያለው የወረቀት ወታደር ወደ እኛ ጣቱን ቀስሯል። አንተ የውሃ ሽታ ሆንክ። በ28 ግን፣ እግዜር ይስጥህ፣ በአንድ ከሰዓት አራት ጊዜ ደወልክ። «የወሩ መጨረሻ ነው፣ ሐሳብህን ቀየርክ ወይ?»

እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ላይ ብቻ መፍረድ ይከብደኛል። በየወሩ ይህን ያህል ሰው አስገባ ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል፤ «ሚሽን» ይሉታል። ቁጥሩን ካልሞላ የሚጮህበት አለቃ አለ። ስኮላርሺፕ ፈላጊ ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያንን ቁጥር አይሞላለትም፣ ሥራ ብቻ ነው። ታዲያ ሰው የማይቆጠርለትን በግ ያግዳል?

ቀጠሮ አያከብርም ብላችሁ እንዳትፈርዱ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተራ ወታደር ሆኖ ለመግባት የወላጅ ፊርማ ያስፈልገዋል። ለዚያ ፊርማ እህቴ ቤት የመጣው ከቀጠሮው አምስት ደቂቃ ቀድሞ ነው! ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ቡና ተፈላ። የእህቴ ባል ዩኒፎርም ሲያይ ተነስቶ ይሰግዳል፤ ከአገር ቤት ይዞት የመጣው አመል ነው፣ እኔም አለብኝ። «ኮሎኔል፣ ይቀመጡ» አለው። ሳጅን ነው ብዬ ጆሮው ላይ ሹክ ብለው «ይሁን፣ ይደርሳል» አለኝ። እንግዳችን አቦሉን ጠጣ፣ ቶናውን ጠጣ፣ በረካ ላይ ሲደርስ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። እስክሪብቶም አብሮ አወጣ፣ ክዳኑን ራሱ ነቅሎ ለእህቴ አቀበላት። እንዴት ያለ ትሕትና!

እህቴ እስክሪብቶውን ይዛ «ይሄ የስኮላርሺፑ ነው?» አለች።

«እሱ በኋላ ይመጣል» አላት።

ልጁ ከጓዳ ሳህን እያጠበ ነበር። እጁ አረፋ እንደሆነ ብቅ አለና በአማርኛ «እማዬ፣ እንዳትፈርሚ» አላት። እንግዳው ምን እንዳለ ጠየቀን። «ቡና ይጨመርልህ ወይ እያለ ነው» አልኩት።

ይህ «በኋላ» የሚሉት ቃል ለብቻው ሐውልት ይገባዋል። የጎረቤታችን ልጅ ግሪን ካርድ ነው ያለው። ስኮላርሺፑ ዜግነት ይጠይቃል፤ ተራ ወታደር ለመሆን ግን ግሪን ካርድ ይበቃል። ለእሱም «መኮንንነቱ በኋላ ይመጣል» ተብሎለታል። ውሸት አይደለም። «በኋላ» ውስጥ ስንት ዓመት እንዳለ ስላልጠየቀ ነው ያልተነገረው።

በመጨረሻ ልጁ ሊማርበት ባሰበው ዩኒቨርሲቲ ወዳለው የአር ኦ ቲ ሲ ቢሮ ደወለ። ስልኩ ተነሳ። ግራ ተጋባን። እዚያ ያለ መኮንን ከሪክሩተሩ በላይ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ነገረው፣ እዚያም ጠየቀ፣ ሁለት ወር ሙሉ ቀን ያልተገኘለት ፈተና በሳምንቱ ቅዳሜ ተፈተነ። ቃለ መጠይቁም ተከተለ። ስኮላርሺፑን አገኘ።

ትምህርት ቤቱ የሽልማት ምሽት አዘጋጀ። በር የሚያህል የካርቶን ቼክ ተይዞ ተወጣ። ቼኩን በአንድ ጫፍ የያዘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሪክሩተራችን! ጥርሱን ፈገግ አድርጎ፣ የልጁን ስም ሁለት ቦታ ሰብሮ ጠራና «ይህን ልጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ» አለ። የእህቴ ባል ተነስቶ አጨበጨበ። ፎቶ ስንነሳ ወደ እህቴ ጠጋ ብሎ አጠገቧ የቆመችውን ትንሿን ልጅ በአገጩ እያመለከተ ጠየቃት፦

«እሷስ ስንት ዓመቷ ነው?»