ጅማ ላይ 12 ሺህ ብር፣ ዳላስ ላይ በሰዓት 20 ዶላር

ዳላስ ያለው የጅማ ልጅ ሄርማታ ሰፈር ለቀረው ወንድሙ በደወለ ቁጥር «እዚህ እኮ ግማሹን ታክስ ነው የሚበላው» ይላል። ወንድምየውም «አብሽር፣ ያልፋል» እያለ ያጽናናዋል። ደመወዛቸው ቢሰላ አጽናኙና ተጽናኙ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ጅማ ላይ ያልተጣራ 12,000 ብር የሚከፈለው ተቀጣሪ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የግብር ሠንጠረዥ 30 በመቶ እርከን ላይ ነው። 12,000ን በ0.30 አባዝቶ የእርከኑን ተቀናሽ 1,350 መቀነስ ነው፤ ግብሩ 2,250 ብር ይመጣል። በዚያ ላይ ጡረታ 7 በመቶ፣ 840 ብር። እጁ የሚገባው 8,910 ብር ነው። በቀድሞው ሠንጠረዥ 8,460 ነበር። ሩብ የሚያህለው ደመወዝ እጁ ሳይገባ ሄዷል ማለት ነው።

ዳላስ ላይ በሰዓት 20 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ወንደላጤ በዓመት 41,600 ዶላር ያገኛል። ለማኅበራዊ ዋስትና (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድን) 7.65 በመቶ፣ 3,182 ዶላር ገደማ ይቆረጥበታል። በ2025 እ.ኤ.አ. ሕግ የመጀመሪያው 15,750 ዶላር ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ስለሆነ የቀረው ላይ 2,864 ገደማ ይከፍላል። ቴክሳስ በበኩሏ ከደመወዝ ግብር አትወስድም። ድምሩ 14.5 በመቶ ነው።

ታዲያ «ግማሹ» ከየት መጣ? አንደኛ፣ የጤና መድኅኑና የጡረታ ቁጠባው እዚያው ቼክ ላይ ስለሚቆረጡ ሁሉም በታክስ ስም ይጠራሉ። ሁለተኛ፣ ኦቨርታይም የበዛበት ሳምንት ሲመጣ ፔይሮሉ ሰውየው ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ የሚያገኝ አድርጎ ያሰላዋል። ትርፉ የሚመለሰው ዓመታዊው ግብር ሲወራረድ ነው፤ የማስታወቂያው ቀነ ገደብ ኤፕሪል 15 ነው። ኡበር የሚነዳው ግን ቢያማርር አይፈረድበትም። አሠሪ ስለሌለው የማኅበራዊ ዋስትናና የሜዲኬሩን የሁለቱንም ወገን ድርሻ፣ 15.3 በመቶ፣ ከትርፉ ራሱ ይከፍላል። ኪራይና መኪና ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ታክስ ግን አይደለም።

ጅማ ላይ ግብሩ በየወሩ ይዘጋል። በአንድ ወር ኦቨርታይም ከፍ ያለ እርከን የገባ ሰው በቀጣዩ ወር ገቢው ቢወርድም ያ ግብር አይካካስለትም። የኦቨርታይም ምጣኔው ራሱ ግን የጅማው ይሻላል፦ በአዋጅ 1156/2011 የሌሊቱ 1.75፣ የሕዝብ በዓሉ 2.5 እጥፍ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ40 ሰዓት በላይ ለሆነው 1.5 ያዛል እንጂ ለሌሊትና ለበዓል ብሎ ጭማሪ አያስገድድም።

«ከ14,000 ካለፍኩ 35 በመቶ ስለሚቆርጡኝ ጭማሪው ይቅርብኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። 35 በመቶው ከ14,000 በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚነካው። 14,000 የነበረው 14,100 ሲሆን ግብሩ ከ2,850 ወደ 2,885 ያድጋል፤ 7 ብር ለጡረታ ሄዶ 58 ብር ይተርፋል።

ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ነው። አንዳንድ አሠሪ ፔይሮሉ ላይ 5,000 ጽፎ ቀሪውን በእጅ ይሰጣል፤ ሠራተኛውም ኔቱ ስለወፈረለት ደስ ይለዋል። አሠሪው ግን 11 በመቶ የጡረታ ድርሻውን በ5,000 ብቻ ከፍሎ ይገላገላል። ጡረታ የሚታሰበው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለሆነ የሰውየው ጡረታ የሚሰላው በዚያችው በ5,000 ላይ ነው። ሥራ ሲለቅም የስንብት ክፍያው የሚሰላው በተመዘገበው ደመወዝ ይሆንና በእጅ ሲቀበል የኖረውን ማስረዳት ያቅተዋል። ሲቀጠሩ «ኔት ነው ግሮስ?» ከማለት ጋር «ፔይሮሉ ላይ ስንት ይጻፋል?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ውሉ ላይ ማስጻፍ ነው።